«ቅኝት» እና «አወጣጠር»

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚተረጉም ሰው «ቅኝት» ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ቃሉ የአውታሮችን አወጣጠርም፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸውን የድምፅ ሥርዓቶችም ተሸክሟል። በክራር ሁለቱ አይለያዩም፤ ክራር መቺው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አውታሮቹን እንደገና ይቃኛልና። በጠዳና በጎንደር ሠርግ ቤት የምንሰማው ማሲንቆ ግን ባለ አንድ አውታር ነው፤ አዝማሪው ጭራውን ለድምፁ አስማምቶ ከወጠረ በኋላ ቅኝት የሚለውጠው በጣቶቹ ነው። ባለ አራት አውታሩ ቴነር ጊታርም ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ተብሎ መወጠሩ የቴነር ባንጆ ተጫዋቾች የለመዱትን የጣት አቀማመጥ ሳይለቁ እንዲይዙት ነው፤ ይህን «ቅኝት» ብንለው አንባቢው የአምባሰልን ብጤ ይጠብቃል። ስለዚህ ለአውታሩ «አወጣጠር»፣ ለሥርዓቱ «ቅኝት» እንዲባል እናሳስባለን። አዝማሪው «ማሲንቆዬን ቃኘሁ» ማለቱን አይተውምና፣ ግሡ ለሁለቱም ይቆያል።