ከጎሪላዎች ደን አጠገብ ማደር
በሩዋንዳ፣ በሳቢንዮ ተራራ ግርጌ «ሳቢንዮ ሲልቨርባክ ሎጅ» የተባለ ባለከፍተኛ ደረጃ የቱሪስት ማረፊያ አለ። ባለቤቱ የአካባቢው ነዋሪዎች ያቋቋሙት «ሳኮላ» የተባለ ማኅበር ሲሆን፣ ሥራውን የሚያካሂደው የግል ድርጅት ነው። እንግዶች ከሚከፍሉት ሒሳብ ለማኅበሩ ድርሻ ይደርሰዋል፤ ገንዘቡም እንደ ቤትና ትምህርት ቤት ግንባታ ላሉ ሥራዎች ይውላል። ስፍራው ደጋ በመሆኑ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ በየጎጆው የእሳት ምድጃ አለ።

እንግዶች ጎሪላዎችን ለማየት ማለዳ ተነሥተው በመሪ ታጅበው ወደ እሳተ ገሞራዎች ብሔራዊ ፓርክ ይገባሉ። የሰው ጉንፋን ጎሪላን ሊገድል ስለሚችል ጥንቃቄው ጥብቅ ነው፤ አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኙት ሰዎች ከ8 አይበልጡም፣ የሚቆዩትም 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ የታመመ ሰውም አይገባም።

ለውጭ አገር ጎብኚ ጎሪላዎችን የመጎብኘት ፈቃዱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1,500 ዶላር ሆኗል፤ ከፓርኮች ገቢም 10 በመቶው ለአካባቢው ሕዝብ ይመደባል። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቆጠራ የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር 1,063 መድረሱን አሳይቷል። ነዋሪው የጥቅሙ ተካፋይ ሲሆን ደኑን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቃል።