የስካውት ጓድ ስንት ልጅ ይችላል?

ኢንዶኔዥያ የስካውት ማኅበሮቿን እ.ኤ.አ. በ1961 «ፕራሙካ» በሚል አንድ ስም ጠቀለለች። የ2010 ሕጓ አባልነቱ በፈቃደኝነት እንደሆነ ይናገራል። የ2013 ሥርዓተ ትምህርት ግን ለተማሪ ሁሉ ግዴታ አደረገው። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ሥነ ምግባር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይለመድማ። የከበደው አሠራሩ ነው።

የስካውት መሥራች ባደን ፓወል በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን በአራት ቡድን ከፍለው፣ ለየቡድኑ ከልጆቹ አንዱን አለቃ አደረጉ። ፕራሙካም ይህንኑ ወርሷል። ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉት ከስድስት እስከ ስምንት እየሆኑ ይቧደናሉ፤ አራት ቡድን አንድ ጓድ ይሆናል። ጉዞ ላይ ጨው ያዡ ጨው ከረሳ ስምንቱም አልጫ ይበላሉ። ያ ልጅ በሚቀጥለው ጉዞ አይረሳም፤ ማንም መምህር መቆጣት አላስፈለገውም። ከ60 ልጆች መካከል ቢሆን ግን ማን እንደረሳም አይታወቅም።

የፕራሙካ ፈተናውም እንዲሁ በግል ነው። መመዘኛዎቹ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተዘርዝረዋል፤ ልጁ ደርሻለሁ ሲል አሠልጣኙ ይፈትነዋል፣ ካለፈም ይፈርምለታል። በእኔ ግምት ለክፍል ትምህርት የሚተርፈው ከሰልፉ ይልቅ ይህ ራስን አዘጋጅቶ የመቅረብ ልማድ ነው።

አሁን እናስላው። 320 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አሥር ጓድ፣ ቢያንስም አሥር የሠለጠኑ አሠልጣኞች ያስፈልጉታል። ያሉት ሁለት መምህራን ከሆኑ ስም ጠርተው፣ አሰልፈው፣ አዘምረው ከመበተን ሌላ ምን ያድርጉ? ሪፖርት ካርዱ ላይ ውጤት መስፈሩ አይቀርም።

የልጆቹ ቁጥር ከአሠልጣኞቹ አቅም ሲበልጥ አደጋም ይከተላል። በየካቲት 2020 ጆግጃካርታ፣ ስሌማን ውስጥ ወደ 250 የሚጠጉ ተማሪዎች ለስካውት እንቅስቃሴ ወንዝ ውስጥ እየተጓዙ ሳለ ድንገተኛ ጎርፍ መጣ፤ አሥር ልጆች ሞቱ። ስለ ላይኛው ተፋሰስ ዝናብ መጠየቅ፣ መውጫ ማዘጋጀት፣ ጉዞውን መሰረዝ፣ ይህ ሁሉ የአስተዳደር ሥራ ነው።

በ2024 መመሪያው ተለወጠ፤ ትምህርት ቤቱ እንዲያቀርብ፣ ተማሪው እንዲመርጥ ተደረገ። ምርጫው ብቻውን አሠልጣኝ አይወልድም። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ መቁጠር ያለበት የሠለጠኑትን አዋቂዎች ነው፤ ሁለት ካሉት ሁለት ጓድ ይክፈት፣ የቀሩትን ልጆች ስም ይመዝግብ፣ ከ16 ዓመት በላይ ያሉትን ነባር ስካውቶች ደግሞ ረዳት አድርጎ ማሠልጠን ይጀምር።