ለሚያንኮራፋ ሰው ኪኒን ከመሸጥ በፊት

ይህ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር። ጅግጅጋ መድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ደንበኛ ገና ከበር እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅም ውሏል፣ ምርቃናው አልወርድ ብሎታል፣ ንጋት ላይ ደግሞ ወደ ቶጎጫሌ መኪና ይነዳል። «ዶክተር፣ የምታስተኛ ነገር ስጠኝ» ይላል። የሚፈልገው ዲያዚፓም ነው፤ ማዘዣ የለውም።

እኛ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የምናወራው ሌላ ነው። ዲያዚፓም ሐሳብን ብቻ ሳይሆን የጉሮሮን ጡንቻም ያላላል። ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ችግሩ ደግሞ ይኸው ነው፤ ሲተኛ ጡንቻው ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል። ትንፋሽ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል። በሰዓት 30 ጊዜ ከደረሰ ከባድ የሚባለው ደረጃ ነው። አንጎል በየመሀሉ ብንን እያለ ጉሮሮውን ያስከፍታል፤ ሰውየው ግን ጧት ምንም አያስታውስም፣ ድካሙን ብቻ ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ነቃ ያሉት ባልደረቦቻችን መደርደሪያውን ከመንካታቸው በፊት «ያንኮራፋሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሚስት አብራ ካለች መልሱ ከእሷ ይመጣል፦ «ትንፋሹ ቁርጥ ሲልብኝ ሞተ ብዬ እወዘውዘዋለሁ።»

አሁን አሁን ኪኒኑን ትቶ በስልኩ የዝናብ ድምፅ ከፍቶ የሚተኛም አለ። «ዶክተር፣ ይሠራል?» ይለናል። ነገሩ መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመኑ ያን ቦርንና ባልደረቦቹ 11 ሰዎችን አስተኝተው፣ ጭንቅላታቸው ላይ በለጠፉት ኤሌክትሮድ የጥልቅ እንቅልፍን ቀርፋፋ ሞገድ ተከታተሉ። ሞገዱ ሽቅብ በሚወጣበት ቅጽበት 50 ሚሊ ሰከንድ ብቻ የምትቆይ «ሽ» የምትል ድምፅ አሰሙ። ሞገዱ ጎለበተ፤ ሰዎቹም ማታ ያጠኗቸውን ጥንድ ቃላት ጧት በተሻለ ሁኔታ አስታወሱ። ያው ድምፅ ከሞገዱ ጋር ሳይገጥም ሲለቀቅ ግን አልሠራም። ምቱን የሳተ ጭብጨባ ዘፈን አያደምቅም። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘንበው የስልክ ዝናብ የማንንም ሞገድ አያይም፤ የውጭ ጫጫታ ቢሸፍን ነው።

በብዙ የአፕኒያ ታማሚዎች ዘንድ ትንፋሽ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ብዙም አይቋረጥም። ጥልቅ እንቅልፍን በድምፅ ማበርታት ለእነሱ የሚያጓጓው ለዚህ ነው። ቢሆንም ድምፅ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። የሚከፍተው በአፍንጫ አየር እየገፋ መንገዱን የሚደግፈው ሲፓፕ ነው፤ ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲድኒ ውስጥ ያስተዋወቀው፣ ጅማሬው በአቧራ መምጠጫ ማሽን ሞተር የነበረ መሣሪያ። እሱም መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

ስለዚህ አዋቂ ፋርማሲስት የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ጫቱ በጊዜ ይቁም፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነውና። በጀርባ መተኛት ይቅር። የደም ግፊቱ ሦስት መድኃኒት እየወሰደም አልወርድ ያለው ሰው፣ ከጀርባው አፕኒያ ሊኖር ይችላልና፣ ስለ እንቅልፉ ይጠየቅ። የዝናብ ድምፅ የሚያጫውተውን ስልክ ደግሞ ሚስትየው ትውሰድና ባሏ ሲያንኮራፋ ትቅረጽበት፤ ካራማራ ሆስፒታል ያለውን ሐኪም ከመቶ ጥያቄ ይልቅ ያቺ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ትረዳዋለች።

ባለመድኃኒት ቤቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ደንበኛው ባዶ እጁን ወጥቷል፣ በምክር ደግሞ ደረሰኝ አይቆረጥም።