የወደቀ የመኪና በር፤ ቁልፉን ከማስነካትዎ በፊት ማጠፊያውን ይዩ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ሞተር አስነስቶ ያዳምጣል፣ ኮፈን አስከፍቶ ዘይት ያያል፣ ጎማ በጫማው ይመታል። የሾፌሩን በር እስከ ግማሽ ከፍቶ ከጫፉ ይዞ ወደ ላይ የሚያነሳ ገዢ ግን ከስንት አንድ ነው። ሻጩም በሩን ራሱ ከፍቶ ራሱ መዝጋት ይወዳል። ገዢው ትሕትና ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የበሩን መውደቅ የለመደ እጅ ሳይታወቀው ከፍ አድርጎ ስለሚዘጋው በሩ ደህና ይመስላል። ገዢው መኪናውን ቤቱ ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እጅ ሲዘጋ ነው ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው።

ጉዳዩ ቀድሞ እንደ ጥቃቅን ነገር ይታይ ነበር። አሁን ግን አሮጌ መኪና ርካሽ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በመሆኑም እዚሁ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዕድሜው ይረዝማል። ዕድሜው የረዘመ መኪና ደግሞ ድካሙን ቶሎ ከሚያሳይባቸው ቦታዎች አንዱ በቀን ስንት ጊዜ የሚከፈተው የሾፌሩ በር ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች?

በሩ ከመኪናው ጋር የተያያዘው በሁለት ማጠፊያዎች ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የሾፌር በር ከነመስታወቱ ከ20 ኪሎ በላይ መመዘኑ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ክብደት በሩ በተከፈተ ቁጥር ጣት በምታህል ፒን ላይ ይንጠለጠላል። ፒኗ የምትዞረው በቀጭን ቀለበት ውስጥ ሲሆን ጋራዦች ቡሽንግ ይሏታል። ግሪስ የማታገኝ ቀለበት አቧራ ትጠጣለች፤ አቧራው እንደ ሞረድ ሆኖ ይበላታል።

ሁለቱ ማጠፊያዎች በ40 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ እንበል፤ የበሩ ርዝመት ደግሞ 1 ሜትር ይሁን። የላይኛው ማጠፊያ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢላላ የበሩ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል። በበርና በቦዲ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ መኪኖች ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ካሰብን፣ በማጠፊያ ላይ ያለች ትንሽ ልቅነት ግማሹን ክፍተት ትበላለች ማለት ነው። ስለዚህም ነው ችግሩ ማጠፊያው ላይ ሆኖ ሳለ ዓይናችን ቁልፉ ላይ የሚያርፈው። ድምፁ የሚሰማው፣ ቀለሙ የሚላጠው፣ በሩ አልዘጋ የሚለው እዚያ ነውና።

መንስኤው ግን ሁልጊዜ እርጅና አይደለም። ከመኪና ሲወርዱ ክንዳቸውን በተከፈተ በር ላይ አስደግፈው ሙሉ ክብደታቸውን የሚጥሉ አሉ። በሩ ከልክ በላይ እንዳይከፈት የሚገታው ብረት ተሰብሮ ሳለ ነፋስ በሩን ገንጥሎ ከፓራፋንጎው ጋር ያጋጨውም ይኖራል። እንዲህ ያለው በር ፒኑ ሳያልቅ ማጠፊያው ራሱ ሊጣመም ይችላል።

ችግሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በሩን እስከ ግማሽ ይክፈቱና ከጫፉ በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ወደ ላይ ያንሱ፣ መልሰውም ይልቀቁ። ሌላ ሰው ዓይኑን ማጠፊያዎቹ ላይ ያድርግ። በሩ ከፍ ዝቅ ሲል ማጠፊያው በመካከሉ የሚጫወት ከሆነ ፒኑና ቀለበቱ አልቀዋል። ማጠፊያው በሙሉ ከምሰሶው ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል፤ ወይም ላሜራው ተሰንጥቋል፤ ይህ የባሰው ነው። ምንም ሳይነቃነቅ በሩ ግን ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ማጠፊያው ተጣሟል፣ ቦታውን ለቋል፣ አለዚያም መኪናው አንድ ጊዜ ተመትቶ ምሰሶው ተንቀሳቅሷል።

ክፍተቱም ራሱ ይናገራል። የተዘጋ በር የወደቀ ከሆነ በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። በኋለኛው ጫፍ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው።

እኔም የተሞኘሁበት

በጋራዦች ዘንድ የተለመደው አቋራጭ ምሰሶው ላይ ያለውንና ቁልፉ የሚነክሰውን መያዣ ማላላትና ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በሩ ወዲያው በቀላሉ ይዘጋል፤ ባለመኪናው አመስግኖ ይከፍላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አንድ ጊዜ አመስግኖ ከፍሏል። ክረምት ሲገባ ግን በሩ ከላይ በኩል ጎማው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ውኃ የሾፌሩን ወንበር ማራስ ጀመረ። ጎማ ለማስቀየር ሌላ ወጪ፣ ከዚያም ማጠፊያው እያለቀ ስለሄደ መያዣውን ለሁለተኛ ጊዜ ዝቅ ማስደረግ ተከተለ። መጨረሻ ላይ የተቀየሩት መጀመሪያ መቀየር የነበረባቸው ሁለት ፒኖች ናቸው።

ሁለተኛው አቋራጭ የላላውን ማጠፊያ በብየዳ ማጥበቅ ነው። ይህን ማንም ሰው እሺ እንዳይል እንመክራለን። ብየዳው ፒኑን ከማጠፊያው ጋር ካጣበቀው ለወደፊቱ ፒን መቀየር የሚባል ነገር አይኖርም፤ እሳቱም ቀለሙንና ወደ በሩ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያቃጥላል። ሦስተኛው በማጠፊያው መካከል ጣውላ ሸጉጦ በሩን በኃይል መግፋት ነው። ፒኑ ደህና ሆኖ ማጠፊያው ብቻ ለተጣመመ መኪና፣ በልምድ ባለው ባትላሜራ እጅ ከሆነ ይህ ሊሠራ ይችላል። ፒኑ ላለቀ በር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው መያዣውን ከምሰሶው ላይ ፈትቶ በማውጣት ነው። ያን ጊዜ በሩ የሚደግፈው ነገር ስለሌለ እውነተኛ አቀማመጡ ይታያል። ቀጥሎ ከበሩ ሥር ክሪክ ይገባል፤ በክሪኩና በበሩ መካከልም ጣውላና ጨርቅ ይደረጋል። ብሎን ከመፈታቱ በፊት የማጠፊያው ዙሪያ በእርሳስ ወይም በቀለም ይሰመርበታል፤ ይህን የማያደርግ ሠራተኛ ከየት እንደተነሳ አያውቅም። ፒኑና ቀለበቱ ካለቁ ይቀየራሉ። የሚገጥመው ፒን ገበያ ላይ ካልተገኘ ማጠፊያውን ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ ወፈር ያለ ፒን ከነቀለበቱ ማስወጣት ይቻላል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ማጠፊያ መግዛትም አለ፤ ነገር ግን ከሌላ የሾፌር በር የወጣ ማጠፊያ ያው ያለቀ ሊሆን ስለሚችል እዚያው በእጅ ነቅንቆ መግዛት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማስተካከል ነው። በቶዮታዎች ላይ ከምሰሶው በኩል ያለው ብሎን ሲላላ በሩ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በበሩ በኩል ያለው ሲላላ ደግሞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፣ እንዲሁም ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኛ የሚሰናከልባት ነገር አለች። በብዙ ቶዮታዎች ፋብሪካው የሚያስራቸው ብሎኖች ራሳቸውን መሐል ላይ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ እነርሱ እስካሉ ድረስ ቢላሉም በሩ ወዴትም አይሄድም። ወጥተው በተራ ብሎንና ሮንዴላ መተካት አለባቸው። አንዱን ማጠፊያ ብቻ በጥቂቱ አላልቶ፣ በክሪክ በትንሹ ከፍ አድርጎ፣ አጥብቆ፣ ክሪኩን አውርዶ ዘግቶ ማየት፤ ካልሆነ እንደገና። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያላላ ሰው ቀኑን ሙሉ ይለፋል። አራቱም በሮች የሚነኩ ከሆነ ከኋለኛው ይጀመራል፤ ከእርሱ በስተኋላ ያለው ቦዲ አይንቀሳቀስምና የፊተኛው በር በኋለኛው ልክ ይገባል። መያዣው ተመልሶ የሚታሰረው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ለሚኒባስ ባለቤቶችም አንድ ቃል። ተንሸራታቹ በር ማጠፊያ የለውም፤ በሀዲድ ላይ በሚሄዱ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች ነው የተንጠለጠለው። ኩሽኔታቸው ሲያልቅ በሩ ከኋላ ይንጋደዳል፤ ረዳቱም በእግሩ ይረግጠዋል። ሀዲዱ ሳይበላ ተሽከርካሪዎቹን መቀየር ከሁሉ ይረክሳል።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

የወደቀ በር ሁሉ ከመግዛት አያስቀርም። የሾፌሩ በር ብቻ ልል ሆኖ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ መኪናው ሠርቷል ማለት ነው፤ የፒንና የእጅ ዋጋ አስልቶ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ይበቃል። ብዙ የማይከፈተው የኋላ በር ከወደቀ ግን መጠርጠር ያስፈልጋል። ማጠፊያው ሳይነቃነቅ ክፍተቱ ከተበላሸም እንዲሁ። ያን ጊዜ የማጠፊያውን ብሎኖች ጭንቅላት ይመልከቱ፤ ቀለማቸው የተላጠና መፍቻ የነካቸው ከሆኑ በሩ አንድ ጊዜ ወርዷል ወይም ተነቅንቋል። የግራውን ክፍተት ከቀኙ ጋር ያነጻጽሩ፣ ምሰሶው ላይ ስቱኮ እንዳለ በጣትዎ ይዳብሱ። ምሰሶ ማስጎተትና ቀለም ማስቀባት ከፒን ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ደላላው "በር ብቻ ነው፣ በአሥር ደቂቃ ይስተካከላል" ካለዎት፣ እዚያው በአሥር ደቂቃ አስተካክሎ እንዲያሳይዎ፣ መያዣውንም አስፈትቶ እንዲዘጋልዎ ይጠይቁ። ጋራዥ ሲሄዱም የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለይተው ያስጽፉ፤ የወጡትን አሮጌ ፒኖችም ተቀብለው ይውጡ።