ውላቸውን የጨረሱ እግር ኳስ ተጫዋቾች ከዋንጫ ይልቅ ገንዘብ ይመርጣሉ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 መገባደጃ፣ የፈረንሳዩ ፓሪ ሴን ዠርሜን (ፒኤስጂ) ለሻምፒዮንስ ሊግ ግጥሚያ ወደ ሳን ሲሮ ስታዲየም ባቀናበት ምሽት፣ የኤሲ ሚላን ደጋፊዎች የግብ ጠባቂው ጂያንሉጂ ዶናሩማ ምስል የታተመባቸውን የሐሰት የዶላር ኖቶች በተኑ። በኖቶቹ ላይ የተጫዋቹን ስም ከዶላር ጋር ያዳቀለ ስድብ ሰፍሮ ነበር፤ "ዶላሩማ" የሚል።

ዶናሩማ በሚላን አካዳሚ አድጎ ገና በ16 ዓመቱ በዋናው ቡድን መሰለፍ የጀመረ ተጫዋች ነው። በ2021 ውሉ ሲያበቃ ግን ክለቡ ያቀረበለትን አዲስ ውል ሳይቀበል፣ ሚላንም አንድ ሳንቲም ሳያገኝበት ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በወቅቱ የጣልያን መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት ሚላን በዓመት ስምንት ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሊከፍለው ተዘጋጅቶ ነበር። ፒኤስጂ ከዚያ በላይ ከፈለ። ለደጋፊዎቹ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ልጃቸው ገንዘብ መርጦ ሄዷል።

ይህ ክስ በየክረምቱ ይደጋገማል። ውላቸውን ጨርሰው በነጻ የሚዘዋወሩ ተጫዋቾች በቁጥር እየበዙ፣ በዝናም እየገዘፉ በመጡ ቁጥር፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዳሬሰላም ባሉ የኳስ ማሳያ ቤቶች የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ ገንዘብ ወይስ ዋንጫ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የዝውውሩን አሠራር ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን ብዙውን ጊዜ ተጫዋቹ ፊት የሚቀርበው ምርጫ ይህ አይደለም።

ሻጭ የሌለበት ገበያ

ነጻ ዝውውር ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በአንድ ቤልጅየማዊ አማካይ ምክንያት ነው። ዣን ማርክ ቦስማን በ1990 ከአርኤፍሲ ሊዬዥ ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ፣ ክለቡ ደመወዙን በ75 በመቶ የሚቀንስ አዲስ ውል አቀረበለት። እርሱ የፈረንሳዩን ደንከርክ መረጠ። በዘመኑ ደንብ መሠረት ግን ውል ያበቃበት ተጫዋችም ቢሆን ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ስለማይችል ዝውውሩ ሳይሳካ ቀረ። ቦስማን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ከአምስት ዓመታት ሙግት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1995፣ መቀመጫውን ሉክሰምበርግ ያደረገው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ውሉን የጨረሰ ተጫዋች በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ክፍያ የመዘዋወር መብት እንዳለው በየነ። ቦስማን ራሱ ከዚህ ድል ብዙም አልተጠቀመም። የእግር ኳስ ዘመኑ በሙግቱ መካከል አልቆ ነበር።

የተጠቀሙት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በ1995 የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው አያክስ ለአዲሱ ሥርዓት ቀዳሚ ተጎጂ ሆነ። ኤድጋር ዴቪድስና ሚካኤል ራይዚገር በ1996፣ ፓትሪክ ክላይቨርት ደግሞ በ1997፣ ሁሉም ለአያክስ ምንም ሳይከፈልባቸው ወደ ሚላን አቀኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ክለብ ውል ያለውን ተጫዋች ሲገዛ ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ለሻጩ ክለብ ነው። ውሉ ያበቃ ተጫዋች ሲሆን ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ሻጭ የለም። ገዢው ለዝውውር ሊያወጣ ካሰበው ገንዘብ የተወሰነውን ለራሱ ያስቀራል፤ የተቀረው በፊርማ ክፍያና ከፍ ባለ ደመወዝ መልክ ለተጫዋቹ፣ በኮሚሽን መልክም ለወኪሉ ይደርሳል። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደንብ ደግሞ ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር እንዲፈራረም ስለሚፈቅድ፣ ድርድሩ የሚጀመረው ተጫዋቹ ገና የቀድሞ ክለቡን መለያ ለብሶ እየተጫወተ ሳለ ነው። የደጋፊዎች ቁጣ አንዱ ምንጭ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ በነጻ የተዘዋወረ ኮከብ ከፍ ያለ ገንዘብ ማግኘቱ ብቻውን ስለ ፍላጎቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። የትም ቢሄድ ከፍ ያለ ክፍያ ያገኝ ነበር።

ሀብቱም ዋንጫውም አንድ ቤት ሲገኝ

ሁለተኛው ችግር ገንዘብና ዋንጫን እንደ ተቃራኒ ጎራዎች ማየቱ ነው። በአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች ሁለቱ የሚኖሩት አብረው ነው። ሪያል ማድሪድ በ2023/24 የውድድር ዘመን በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ገቢ ያስመዘገበ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ክለብ ሆነ፤ በዚያው ዘመን ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ።

ስቲቭ ማክማናማን በ1999 ሊቨርፑልን ለቆ በነጻ ወደ ማድሪድ ሲሄድ ከእንግሊዝ ተጫዋቾች ከፍተኛ ተከፋዮች መካከል ተመደበ። በሊቨርፑል በቆየባቸው ዓመታት ያገኘው አንድ የኤፍኤ ካፕና አንድ የሊግ ካፕ ነበር። በማድሪድ በሦስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሻምፒዮንስ ሊግ አነሳ፤ በ2000ው ፍጻሜም ግብ አስቆጠረ። ሶል ካምቤል በ2001 ከቶተንሃም ወደ ባላንጣው አርሰናል በተመሳሳይ መንገድ ሲሻገር ደሞዙም አደገ፣ በዓመቱም የሊጉንና የኤፍኤ ካፑን ዋንጫ በአንድነት አገኘ። ሮበርት ሌዋንዶውስኪ በ2014 ከዶርትሙንድ ወደ ባየርን ሙኒክ በነጻ ሄዶ ስምንት ዓመት ተጫወተ፤ በስምንቱም ዓመት የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን ሆነ።

እነዚህ ሰዎች ምን መረጡ? የቶተንሃም ደጋፊዎች ካምቤልን "ይሁዳ" ብለውታል። የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ ዋንጫን የተራበ ተከላካይ አድርገው ያስታውሱታል። ስለ አንድ ፊርማ ነው የሚናገሩት።

ምሥራቅ አፍሪካም የራሷ ምሳሌ አላት። ዛምቢያዊው አማካይ ክላቶስ ቻማ በ2024 ከታንዛንያው ሲምባ ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ የተቀበለው የከተማው ባላንጣ ያንጋ ነበር። ያንጋ በጊዜው ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የሊጉ ሻምፒዮን ነበር። በዳሬሰላም ሁለቱ ክለቦች የሚፎካከሩት በሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በኪስም ጭምር በመሆኑ፣ የቻማን ውሳኔ በገንዘብ ብቻ ወይም በዋንጫ ብቻ ለማስረዳት መሞከር ብዙ አያራምድም።

የተፈረመውና የተጠበቀው

ከሁሉም በላይ በገንዘብና በዋንጫ መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ደመወዝ በውሉ ላይ ይጻፋል። ዋንጫ ግን ሊጻፍ አይችልም።

የዶናሩማን ታሪክ እስከ መጨረሻው መከተል ይህን በግልጽ ያሳያል። በሄደ በዓመቱ፣ በ2022፣ ሚላን ከ11 ዓመት በኋላ የሴሪ አ ሻምፒዮን ሆነ። በረኛው በዶናሩማ ምትክ የተገዛው ማይክ ሜንያን ነበር። በዚያ ወቅት "ገንዘብ መርጦ ዋንጫ አመለጠው" የሚለው ፍርድ የተረጋገጠ መሰለ። በ2025 ግን ሚላን ከአውሮፓ ውድድሮች ውጪ ሲቀር ዶናሩማ አንፊልድ ላይ የሊቨርፑልን የፍጹም ቅጣት ምት አድኖ፣ በሙኒክም ፒኤስጂ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 ሲያሸንፍ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። ይህም አልዘለቀም። በዚያው ክረምት ክለቡ ሌላ ግብ ጠባቂ አምጥቶ ከቡድኑ አስወጣው፤ ወደ ማንችስተር ሲቲም ተዘዋወረ። በአራት ዓመት ውስጥ ያ አንድ ውሳኔ ሦስት ጊዜ ትርጉሙ ተለዋወጠ። በውሉ ላይ የሰፈረው ደመወዝ ግን የውጤቱን መለዋወጥ አልተከተለም።

የኪሊያን ምባፔ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ2023 የሳዑዲው አል ሂላል ለፒኤስጂ 300 ሚሊዮን ዩሮ አቅርቦ ሳለ፣ ተጫዋቹ የክለቡን ተወካዮች ለማነጋገር እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ውሉን ጨርሶ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ከፍ ያለ የፊርማ ክፍያ ማግኘቱ፣ ደመወዙ ግን ከፓሪሱ ዝቅ ማለቱ በሰፊው ተዘግቧል። ምባፔ ዋንጫ ፈልጎ ሄደ ከተባለ ዕድል አልቀናውም። በመጀመሪያ ዓመቱ በላሊጋው 31 ግቦች አስቆጥሮ የአውሮፓ የወርቅ ጫማ ቢያሸንፍም፣ ማድሪድ ሊጉንም ሻምፒዮንስ ሊጉንም አጣ። እርሱ ሰባት ዓመት የደከመለትን ሻምፒዮንስ ሊግ ፒኤስጂ ያገኘው እርሱ በሄደ በመጀመሪያው ዓመት ነው።

እውነተኛው ምርጫ

ገንዘብና ዋንጫ በእርግጥ የሚለያዩበት ቦታ አለ። እርሱም ዕድሜያቸው ሠላሳን በተሻገሩ ኮከቦች ዘንድ ነው። በ2023 ካሪም ቤንዜማና ንጎሎ ካንቴ ከማድሪድና ከቼልሲ ጋር የነበራቸውን ውል ጨርሰው ወደ ሳዑዲው አል ኢቲሃድ ሲሄዱ፣ ወደ ከፍተኛው የውድድር መድረክ እየሄዱ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ክሪስቲያኖ ሮናልዶም በ2022 መጨረሻ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር ተለያይቶ ለአል ናስር ሲፈርም በእግር ኳስ ታሪክ ከፍተኛ ከሚባሉት ክፍያዎች አንዱን አገኘ፤ የሳዑዲን ሊግ ዋንጫ ግን እስከ 2025 የውድድር ዘመን ፍጻሜ አላነሳም። እነዚህ ተጫዋቾች ግን ዋንጫን ንቀው ገንዘብን መረጡ ማለት ይከብዳል። ቤንዜማ አምስት ሻምፒዮንስ ሊግና ባሎን ዶር ይዞ ነው የሄደው። ካንቴ የዓለም ዋንጫ አሸናፊ ነው። የጠገበ ሰው ከማዕድ ቢነሳ አያስገርምም።

ሊዮኔል ሜሲ ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በ2021 ደመወዙን በግማሽ ቀንሶ በባርሴሎና ለመቆየት ተስማምቶ ነበር፤ የክለቡ ዕዳና የላሊጋ የፋይናንስ ደንብ ግን ምዝገባውን ከለከሉ። በ2023 እንደገና ነጻ ሲሆን ጉዳዩ የገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሳዑዲ አረቢያ በሄደ እንደነበር ተናግሮ ኢንተር ማያሚን መረጠ። ያን ጊዜ ማያሚ በምድቡ ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ዋንጫ ፍለጋ ነው ለማለትም አያመችም። እርግጥ ሜሲ ከአፕልና ከአዲዳስ ገቢ ድርሻ፣ ወደፊትም በክለቡ ባለቤትነት የመሳተፍ ዕድል አግኝቷል። ይህን የመሰለ ምርጫ ግን የሚቀርብለት ተጫዋች በዓለም ላይ በጣት ይቆጠራል።

ለተቀሩት "ነጻ ተጫዋች" መሆን ሌላ ትርጉም አለው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በ2016 በ54 አገሮች ወደ 14,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ጠይቆ ባወጣው ጥናት፣ ከ45 በመቶ በላይ የሚሆኑት በወር ከ1,000 ዶላር በታች ያገኙ ነበር። 41 በመቶው ባለፉት ሁለት ዓመታት ደመወዝ ዘግይቶባቸው ያውቃል። አማካይ የውል ዘመናቸው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

በኢትዮጵያም የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ከክለቦች ጋር ተስማምቶ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ፣ ሁሉም ክለብ እኩል የሚከፍል ከሆነ ተጫዋቹ የሚያሸንፈውን ቡድን ብቻ ይመርጣል ማለት ነው። ክፍያው ከጣሪያው በላይ በሌላ መንገድ ይፈጸማል የሚለው ክስ ግን ከዚያ ወዲህ ከስፖርቱ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም።

እንዲህ ባሉ ሊጎች የሚጫወት አንድ አማካይ ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው ክለቡ ሻምፒዮን ይሆናል ወይ ብሎ አይደለም፤ ደመወዙ በወሩ ይከፈላል ወይ ብሎ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ያን ጊዜ እርሱም እንደ ምባፔና እንደ ሜሲ ሁሉ "ነጻ ተጫዋች" ይባላል።