አዲስ ሞተር፣ አሮጌ ፍሬን

የጅማ ኳስ አፍቃሪ ወሬ ሲጀምር 2010 ዓ.ም.ን ሳይነካ አያልፍም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ነባሮቹን ክለቦች ጉድ ሠርቶ ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት አሰልጣኙ ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሌላ ዋንጫ ሲያነሳ አባ ጅፋር ደግሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ለምን? ደጋፊው ሁሉ የየራሱ መልስ አለው። ጎል አግቢ ብቻውን ቡድን አይሆንም ቢባል ግን ብዙ የሚከራከር አይገኝም።

ይኸው ጨዋታ በሌላ መልክ ጋራዥ ውስጥም አለ። እዚያ የሚወራው ስለ ኳስ ሳይሆን ዕድሜያቸው አርባና ሃምሳ ዓመት ስላለፈ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች ነው። ባለቤቱ መኪናውን ይዞ ይመጣና "ሞተር ቀይርልኝ" ይላል። አዲስ አጥቂ ይፈርማል ማለት ነው። ተከላካዩስ? ግብ ጠባቂውስ? ጥያቄው የሚነሳው ብዙ ጊዜ መኪናው ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

አሮጌው ለምን አይጣልም?

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ የገባ ሰው አስፋልቱን አይቶ አገሩ በሙሉ እንዲያ ሊመስለው ይችላል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ቡናው ጫካ ሲታጠፍ ግን ሌላ ነው። ክረምት የጠጣው ቀይ ጭቃ መስከረምና ጥቅምትም ላይ ገና አልደረቀም። ቡናው የሚለቀመው ደግሞ ያኔ ነው። ቀይ እሸት ቡና ለቀማው በተደረገበት ቀን መፈልፈያው ጋ መድረስ አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እዚህ ቦታ ላይ መኪና ቅንጦት አይደለም፤ የዓመት እንጀራ ነው።

ቶዮታ ባለ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘርን ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። የእንግሊዙ ላንድሮቨር ሲሪየስ ሦስት ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ሁለቱም ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የላቸውም። ፒንሳና ካቻቢቴ የያዘ፣ ጆሮው የነቃ መካኒክ መንገድ ዳር ፈቶ ይገጥማቸዋል።

አሮጌውን ያስወደደው ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን ማደስ የግድ ሆነ፤ ክለብ ዝውውር ሲዘጋበት በነባሮቹ ተጫዋቾች እንደሚጫወተው ማለት ነው።

አጥቂው፦ ሞተርና ካምቢዮ

የድሮው ላንድክሩዘር የቤንዚን ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር ነው። ጉልበቱ 125 ፈረስ ገደማ ነው፤ ቤንዚን አጠጣጡ ግን ኪስ ያራቁታል። በብዛት የሚመረጠው ምትክ ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ላይ የገጠመው "ዋን ኤች ዜድ" የተባለው 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአዲሱ ሞተር ጉልበት 130 ፈረስ ገደማ ነው፤ ከአሮጌው ብዙም አይበልጥም። "ታዲያ ይኼ ሁሉ ወጪ ለምን?" ቢባል መልሱ ጉልበቱ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ናፍጣው ገና ቀስ እያለ ሲዞር ጠንክሮ ይገፋል። ጭነት ይዞ ጭቃ ለሚወጣ መኪና የሚያስፈልገውም ይኼ እንጂ ሩጫ አይደለም። ነዳጁም ይቀንሳል።

ሞተሩን ተከትሎ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይመጣል። አሮጌዎቹ መኪኖች ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ማርሽ ናቸው። አምስተኛው ማርሽ ሲገባ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት 15 በመቶ ያህል ቀንሶ ይዞራል፤ ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ጆሮውም ኪሱም ያርፋል።

ግን አዲሱ ካምቢዮ ከአሮጌው ይረዝማል። ስለዚህ ኃይል ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚያስተላልፉት ዘንጎች ልካቸው ይዛባል፤ የኋላው ማጠር፣ የፊተኛው መርዘም አለበት። ሥራው የቶርኖ ቤት ነው፤ ቆርጦ መበየድ ብቻ ደግሞ አይበቃም። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ዘንግ ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፣ መገጣጠሚያዎቹን ይበላል፤ መጨረሻም መንገድ ላይ ጥሎ ያስቀራል።

ላንድሮቨር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የድሮው 2.25 ሊትር ሞተር 70 ፈረስ ገደማ ነበረው። ከኋላ ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄዱት ሴሚያሶችም የተሠሩት ለዚያ ጉልበት ነው፤ እንዲያውም በዚያው ጉልበት ሲሰበሩ የታወቁ ናቸው። በላዩ ላይ ጠንካራ የናፍጣ ሞተር ገጥሞ ጭቃ ውስጥ ፍሪሲዮን ድንገት የለቀቀ ሹፌር "ቋ!" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መኪናውም እዚያው ይቆማል። ሞተሩ ጥፋት የለበትም። ኳሱን አሳምሮ አቀብሏል፤ የሚቀበለው ነው የጠፋው።

አማካዩ፦ ባሌስትራና ሞላ

የአሮጌ መኪና እግር ባሌስትራ ነው። ብዙ የብረት ምላሶች ተደራርበው የታሰሩበት፣ በአራቱም ጎማ በኩል ያለ። ዕድሜ ሲጫነው ምላሶቹ ዝገው እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ያኔ መኪናው መተጣጠፉን ትቶ መዝለል ይጀምራል። ተሳፋሪ ጭንቅላቱን ከጣሪያ ያጋጫል፣ ሻንሲው ይሰነጠቃል፣ መሪው ሹፌሩን ይታገላል።

ቀላሉ መፍትሔ ዘመናዊው ባሌስትራ ነው። ምላሶቹ ጥቂት ናቸው፤ መሐላቸው ወፍራም፣ ጫፋቸው ቀጭን ሆኖ ስለተሠራ የሚነካኩት መሐልና ጫፍ ላይ ብቻ ነው። መፋተጉ ስለሚቀንስ መኪናው ይለሰልሳል። የሚገባውም በአሮጌው ቦታ ስለሆነ ሻንሲው ላይ ብየዳ አያስፈልግም። አብረውት አዲስ አሞርዛተርና አዲስ ጎሚኒ ከገቡ መኪናው ሌላ መኪና ይመስላል።

ከባዱ መንገድ ባሌስትራውን አውጥቶ ሞላ ማስገባት ነው። ላንድሮቨር ራሱ በ1983 እ.ኤ.አ. ዋን ቴን የተባለውን ሞዴል በሞላ አውጥቷል። ቶዮታም በ1999 እ.ኤ.አ. 70 ተከታታዩን ከፊት ሞላ አድርጎለታል። ስለዚህ "ከነሱ አውጥቶ አሮጌው ላይ መግጠም ነው" የሚል አይጠፋም።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ባሌስትራ የድሮ አማካይ ማለት ነው፤ ይከላከላልም ያጠቃልም። ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይይዛል። ሞላ ግን የሚችለው አንዱን ሥራ ብቻ ነው፤ ይሸከማል እንጂ አይዝም። አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይሄድ የሚይዙ ክንዶች ለብቻ ያስፈልጉታል። ክንዶቹ የሚታሰሩበት ጆሮ ደግሞ አሮጌ ሻንሲ ላይ ይበየዳል። ዝገት የበላው ብረት ላይ የተበየደ ጆሮ አንድ ቀን ይነቀላል፤ በተነቀለ ቀን አክስሉ አቅጣጫውን ይስታል፣ መኪናውም መሪ የሚባል ነገር አይሰማም።

ቶዮታ የፊቱን ሞላ አድርጎ የኋላውን በባሌስትራ የተወው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ስልሳ ስልሳ ኪሎ የሚመዝኑ አሥር ጆንያዎች 600 ኪሎ ናቸው፤ ያን የሚሸከመው የኋላው ነው። ለጭነት ባሌስትራን የሚያህል የለም። የቡና አገር ባለመኪናም ይኼንን ከቶዮታ ቢማር አይጎዳም።

ግብ ጠባቂው፦ ፍሬን

በዘመኑ ሁሉም የተረሳ ግብ ጠባቂ አለ። ጎል እስኪገባበት ድረስ ስሙን የሚጠራው የለም። የአሮጌ መኪና ፍሬንም እንደዚሁ ነው።

የድሮዎቹ በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ናቸው። ውሃና ጭቃ ታምቡሩ ውስጥ ሲገባ የፍሬን ሸራው ይንሸራተታል። ከወልቂጤ ማዶ ያለውን የጊቤን ቁልቁለት በመሰለ ረጅም ወራጅ ላይ ደግሞ ታምቡሩ ይግላል፤ ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይሰማም። ዲስክ ፍሬን ውሃውን ያራግፋል፣ ሙቀቱንም ቶሎ ለአየር ይሰጣል። ቶዮታ ራሱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የ40 ተከታታዩን የፊት ፍሬን ወደ ዲስክ ቀይሯል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የ60 ተከታታይ የፊት ዲስክም ለአሮጌው እንደሚገጥም በሙያው ያሉ ያውቁታል።

የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው ግን እዚህ ነው። ፔዳሉን የሚያቀለው ሰርቮ የሚሠራው በአየር መምጠጥ ነው። የቤንዚን ሞተር ያንን መምጠጥ በተፈጥሮው ይሰጣል። የናፍጣ ሞተር ግን አይሰጥም፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል። የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ የገጠመ መካኒክ ፓምፑን ከረሳ ወይም ቱቦውን በትክክል ካላሰረ ሰርቮው ሞተ ማለት ነው። ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ደረቅ ሜዳ ላይ ባዶ መኪና ሲሞከር ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ቡና ጭኖ፣ ሰው አሳፍሮ ቁልቁል ሲወርድ ይታወቃል። ያኔ ቢጫ ካርድ የለም፤ ቀጥታ ቀይ ነው።

ሊብሬውም አይረሳ

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሞተር የቀየረ ሰው አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የተገዛበት ወረቀት ያስፈልገዋል። ያለ ወረቀት የተገዛ ሞተር ያልተመዘገበ ተጫዋች ማለት ነው። ጎል ቢያገባም ነጥቡ ይቀነሳል፤ በቦሎ ሰሞን ወይም አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ጉዱ ይወጣል።

ከየት ይጀመር?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ገንዘቡ በአንዴ ላልሞላለት ባለመኪና ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሻንሲው ይታይ፤ የዛገው ይቆረጥ፣ የተሰነጠቀው ይጠገን። ቀጥሎ ፍሬኑና መሪው። ከዚያ ባሌስትራው፣ አሞርዛተሩና ጎሚኒው። ከዚያ ሴሚያሱ፣ ዲፈረንሻሉና ዘንጎቹ። ሞተሩ መጨረሻ ይምጣ። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ገንዘቡ መሐል ላይ ቢያልቅበት እንኳ ቀስ የሚል ግን የሚቆም መኪና ይኖረዋል። በተቃራኒው የሄደ ሰው ሲያልቅበት የሚሮጥ ግን የማይቆም መኪና ይዞ ይቀራል።

ሰፈር ውስጥ ሞተር የቀየረ መኪና ሲመጣ ሰው ሁሉ ኮፋኖውን አስከፍቶ "ስንት ፈረስ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ከነልጆቹ ተሳፍሮ ወደ አጋሮ የሚወርድ ሰው ግን ሌላ ነገር ቢጠይቅ ይሻለዋል፦ "ፍሬኑስ የማን ነው?"