በፀሐይ ብቻ የሚሞላው ስልክ ከየት ይመጣል?

«ቻርጅ የማይፈልገው የቴስላ ስልክ ወጣ» የሚለው ወሬ በየጊዜው ሞቶ ይነሣል። ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት ብቻ ይበቃል፣ ያለ ኔትወርክም ከሳተላይት ጋር ይገናኛል ይባልለታል። የሳተላይቱን ነገር ለሌላ ጊዜ እንተወው። ቴስላ እንዲህ ያለ ስልክ ለገበያ አላቀረበም፤ የሚዞሩት ሥዕሎች ዲዛይነሮች በኮምፒውተር የሠሯቸው ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ጎንደር፣ ይልቁንም መስመር ባልደረሳቸው የደባርቅና የጃናሞራ ቀበሌዎች ወሬው ጆሮ ማግኘቱ አይገርምም። የሚያናድደው ዜና ብለው የሚያነቡት ሰዎች አንዲት ማባዛት እንኳ አለመሞከራቸው ነው።

ሐሳቡማ አርጅቷል። ኖኪያ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ «ሞርፍ» የተባለውን የሚጣጠፍ ስልክ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲያሳይ፣ ገላው ራሱ ከፀሐይ ኃይል ይሰበስባል ብሎ ነበር። በዓመቱ ሳምሰንግ ጀርባው ላይ እውነተኛ የሶላር ሰሌዳ ያለበት ስልክ ሕንድ ውስጥ ሸጠ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚያናግረው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ነበር፤ ያውም ስክሪኑ ትንሽ፣ ፍጆታውም ኢምንት የሆነ ስልክ።

ምክንያቱ ስፋት ነው። ዝናቡ የቱንም ያህል ቢወርድ ጣሳ የሚይዘው በአፉ ልክ ነው። ጥርት ባለ ቀትር አንድ ሜትር ካሬ መሬት ላይ 1,000 ዋት ገደማ ብርሃን ያርፋል። የስልክ ጀርባ 16 በ7.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚደርሰው 12 ዋት ብቻ ነው። ጥሩ የሲሊከን ሴል ከዚህ 20 በመቶውን ቢቀይር 2.4 ዋት ይገኛል። ባለ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ያልተቋረጠ የቀትር ፀሐይ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ስልኩም ኪስ ሳይገባ፣ ሳይነካ።

«ታዲያ 80 በመቶው የት ገባ?» የሚል አንባቢ የነገሩን እምብርት ነክቷል። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ የኃይል ቅንጣቶች ይመጣል። ሲሊከን ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከቦታው ተነሥቶ እንዲፈስ የተወሰነ ኃይል ይሻል። ከዚያ ያነሰ ኃይል የያዘው ፎቶን (ከፀሐይ ኃይል አንድ አምስተኛው ገደማ) ምንም ሳይሠራ ያልፋል። ከዚያ የበለጠ የያዘው፣ ለምሳሌ ሰማያዊው፣ ኤሌክትሮኑን ያስነሣል፤ ትርፉ ግን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚህ መንገድ ሲሶው ይባክናል። ሾክሊ እና ክዊሰር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 ይህንን የማስላት ዘዴ አቅርበዋል፤ በዚያ ዘዴ ዛሬ በሚሠራው ስሌት ባለ አንድ ንብርብር ሴል ከ33 በመቶ ገደማ ማለፍ አይችልም። ያ የባከነው ሙቀት ደግሞ የሚያርፈው ባትሪው ላይ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሞላ ዕድሜው ስለሚያጥር ብዙ ስልኮች መሙላቱን ያቆማሉ። ማለትም ስልኩን ለመሙላት ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መሙላቱን ማስቆምም ነው።

እዚህ ላይ የሶላር ሰዎች ይከራከራሉ፤ የሚሉትም ከንቱ አይደለም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል፣ ቅዝቃዜውም ለሲሊከን ይስማማዋል። ባለ ሁለት ንብርብር ሴሎችም በቤተ ሙከራ የ33 በመቶውን ጣሪያ አልፈዋል። እርጥበትና ሙቀት ችለው ስንት ዓመት ይቆያሉ የሚለው ግን ገና አከራካሪ ነው። ሁሉም ቢሳካ እንኳ ከ12ቱ ዋት የሚገኘው አራት ነው፤ በነሐሴ ደመና ደግሞ የዚያ ቁራጭ።

ሰሌዳው ከስልኩ ሲለይ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የግማሽ ሜትር ካሬ ሰሌዳ በቀትር 100 ዋት ይሰጣል፤ ስልኩም ባትሪውም ጥላ ውስጥ ቀዝቅዘው ይሞላሉ። ይህን የገጠር ባለ ሱቆች በገበያ ቀን ሳንቲም እየተቀበሉ ሲሠሩበት ቆይተዋል።